“ዳሌሽ ጠባብ ነው” ለተባለችው እህት፦ ስለ ዳሌ አጥንትና ስለ ልጅ መንገድ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ “24 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባት ወር ሆኖኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ53፣ ጫማዬ 36 ቁጥር ነው። ክትትል የሄድኩበት ቦታ አንድ ባለሙያ ቆሜ ሳለሁ አይተውኝ ‘ዳሌሽ ጠባብ ነው፣ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው’ አሉኝ። አማቴ ደግሞ ‘እኔም እንዳንቺው ቀጭን ነበርኩ፣ ስድስት ወልጃለሁ’ ይሉኛል። ማንን ልመን? ለመሆኑ የዳሌ አጥንት የሚባለው ምንድን ነው? ከሰሞኑ ደግሞ ከብልቴ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ለሁለት የሚሰነጠቅ እስኪመስለኝ ያመኛል።”

እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። ሴትን ቆማ በማየት ብቻ የልጅ መንገዷ ጠባብ ነው ወይም ሰፊ ነው ብሎ መናገር የሚችል ሰው የለም። እኔ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ አዋልጃለሁ፣ ለተማሪዎችም አናቶሚ አስተምራለሁ፤ አልችልም። ያዩሽ ባለሙያም አይችሉም፣ አማትሽም አይችሉም። እርግጥ አማትሽ ከመፍራት ይልቅ እንድትጠብቂ ስለመከሩሽ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ዳሌ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በቀሚስ ላይ የሚታየውን ስፋት ነው። ዘፋኝ የሚያወድሰው፣ ልብስ ሰፊ በሜትር የሚለካው እሱን ነው። ይህ ስፋት አብዛኛው ስብና ጡንቻ ነው፤ ከአጥንቱም ቢሆን የሚያሳየው የላይኛውን ክንፍ ብቻ ነው። ልጅ የሚያልፍበት ክፍል ከዚያ በታች፣ ከፊኛና ከፊንጢጣ መካከል፣ ከዓይን ተሰውሮ የተቀመጠ ነው። ውጭዋ ሰፊ ሆኖ ውስጧ የጠበበ፣ ውጭዋ ቀጭን ሆኖ ውስጧ የተመቸ ሴት ደጋግሜ አዋልጃለሁ።

አሁን እጅሽን አምጪና አብረን እንዳስሰው። እጅሽን ሽንጥሽ ላይ ስታሳርፊ ከመዳፍሽ ሥር የሚሰማሽ ጠንካራ ጠርዝ የዳሌ አጥንት የላይኛው ክፍል ነው፤ ኢሊየም ይባላል። ጠርዙን ተከትለሽ ወደ ፊት ስትመጪ ሾል ያለ ጉብታ ላይ ያበቃል። ወደ ኋላ ብትሄጂ ደግሞ የሁለቱን ጠርዞች ጫፍ የሚያገናኘው መስመር አራተኛውን የወገብ አከርካሪ ያቋርጣል። በወገብ በኩል ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ መርፌውን ከማስገባቱ በፊት በጣቱ የሚፈልገው ይህንኑ መስመር ነው። ዝቅ ብሎ፣ ከመቀመጫ በላይ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ሁለት ስርጉዶች ይታያሉ፤ ኢሊየም በኋላ በኩል የሚያበቃው እዚያ ነው። ቀጥለሽ ጠንካራ ዱካ ላይ ተቀመጪና መዳፍሽን ከመቀመጫሽ ሥር አስገቢ። እጅሽን የሚጫነው አጥንት ኢስኪየም ነው። ረጅም ሰዓት ስትቀመጪ የሚቆረቁርሽም እሱ ነው። ሦስተኛው ፑቢስ ነው፤ ከፊት ያለው፣ አሁን የሚያምሽ።

እነዚህ ሦስቱ በሕፃንነት የተለያዩ አጥንቶች ናቸው። የጭን አጥንት ራስ በሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ሦስቱም ይገናኛሉ፣ በመካከላቸውም ሦስት ክንድ ያለው ልም አጥንት አለ። ልም አጥንቱ ወደ አጥንትነት ተለውጦ ሦስቱ አንድ የሚሆኑት ከ14 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜ ገደማ ነው። የላይኛው ጠርዝና መቀመጫው አጥንት ጨርሰው የሚገጥሙት ደግሞ ዕድሜ ሃያዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ይህን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከኋላ ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ሳክረም ነው፤ አምስት አከርካሪዎች ተጋጥመው የሠሩት፣ ከላይ ሰፊ ከታች ቀጭን የሆነ አጥንት። እኔ ለተማሪዎቼ “ሽብልቅ ነው” እላቸዋለሁ። እንጨት ፈላጭ በግንድ መካከል እንደሚሰካው ሽብልቅ በሁለቱ ኢሊየሞች መካከል ገብቷል፤ ልዩነቱ ይህኛው አይፈልጥም፣ ክብደት በበዛበት መጠን ከኋላ ያሉት ጅማቶች ሁለቱን አጥንቶች ይበልጥ ስበው ያጠብቁበታል። የራስሽ፣ የደረትሽ፣ የእጆችሽና የሆድሽ ክብደት በአከርካሪ ወርዶ ሳክረም ላይ ያርፋል። እዚያ ለሁለት ይከፈላል፣ በግራና በቀኝ በኢሊየም ወፍራም ቅስት በኩል ወደ ጭን አጥንቶች ይሄዳል፤ ስትቀመጪ ደግሞ ወደ ኢስኪየም ይወርዳል። ከሳክረም በታች ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ትናንሽ አጥንቶች የሠሩት ጭራ አጥንት አለ።

እንግዲህ የዳሌ አጥንት ስንል ይህን ቀለበት ነው፦ ከፊት በፑቢስ፣ ከኋላ በሳክረም የተዘጋ። ቀለበት ስለሆነም በከባድ አደጋ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይለቃል፣ ውስጡም ብዙ ደም ይፈስሳል። ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ በመኪና አደጋ ዳሌው የተመታ ሰው ካጋጠመሽ አታገላብጪው። ጋቢ ወይም አንሶላ በሁለቱ ጭኖች ጫፍ፣ ከጎን ጉብ ያለው አጥንት ባለበት ከፍታ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ደሙን ይቀንሳል። ብዙ ሰው ወገቡ ላይ ያስርና ሳይጠቅም ይቀራል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ይህ ቀለበት ሁለት ክፍል አለው። ከሳክረም የላይኛው ከንፈር ተነስቶ በኢሊየም ውስጠኛ ገጽ ዞሮ ፑቢስ ላይ የሚያበቃ የአጥንት መስመር ይለያቸዋል። ከመስመሩ በላይ ያለው ሰፊ ክፍል አንጀትንና ያደገ ማህፀንን ይደግፋል፤ ልጅ ሲወለድ ግን መንገዱን አያግድም። ከመስመሩ በታች ያለው አጠር ያለ፣ ግድግዳው ወፈር ያለ ክፍል እውነተኛው ዳሌ ነው። ያዩሽ ባለሙያ ያዩት የላይኛውን ነው፤ ልጅሽ የሚያልፈው በታችኛው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ መጽሐፍ ላይ ቀለበቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይሣላል። በቆመ ሰው ላይ ግን ወደ ፊት በጣም ያዘነበለ ነው፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ሾል ያሉ ጉብታዎችና የፑቢስ የላይኛው ጫፍ ግድግዳ ላይ ብትደገፊ እኩል ይነኩታል።

በታችኛው ክፍል ውስጥ ሦስት ቦታዎች ወሳኝ ናቸው። መግቢያው በአማካይ ከጎን ወደ ጎን 13 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም ወደ ጎን የሰፋ ነው። መካከሉ ክብ ይሆናል፣ በየትኛውም አቅጣጫ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል። ግን እዚያው ዝቅ ብሎ ከግራና ከቀኝ እንደ እሾህ ወደ ውስጥ የወጡ ሁለት የኢስኪየም ጫፎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ከመንገዱ ሁሉ ጠባቡ ይህ ነው። አዋላጅዋ በምጥ ጊዜ በጣቷ መርምራ “ዜሮ ደርሷል” ስትል የልጁ ራስ የእሾሆቹ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለቷ ነው። መውጫው ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ከጎን ወደ ጎን 11፣ ከፊት ወደ ኋላ ጭራ አጥንት ወደ ኋላ ሲገፋ 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

አየሽው? መግቢያው በጎን ሰፊ ነው፣ መውጫው በፊትና በኋላ። ስለዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ አይወርድም። አልጋ በጠባብ በር ስታስገቢ እንደምታዞሪው፣ ሕፃኑ ወደ ጎን አይቶ ይገባና እሾሆቹ ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ ያዞራል፣ ከዚያም ከፑቢሱ ሥር ማጅራቱን አስደግፎ ራሱን ቀና እያደረገ ይወጣል። ደግሞም የፊተኛው ግድግዳ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የኋለኛው፣ በሳክረም ቅስት በኩል፣ የዚያ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መንገዱ እንደ ክርን የታጠፈ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ባስተማርኩ ቁጥር አደንቀዋለሁ፤ ማንም ያላስተማረው ሕፃን መቼ እንደሚዞር የሚነግረው የአጥንቱና የጡንቻው ቅርጽ ነው።

የመንገዱን ያህል የሚያልፈውም ይለያያል። የደረሰ ሕፃን ራስ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ካደረገ፣ የሚያቀርበው ስፋት 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ራሱን ቀና ካደረገ ከ11 በላይ ይሆናል፣ በግንባሩ ከመጣ 13.5 ይደርሳል። ያው አንድ ልጅ፣ ያው አንድ ዳሌ፣ በአንገቱ ማጎንበስ ብቻ ነገሩ ይለወጣል። ከዚያም የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና አልተገጣጠሙም፤ በምጥ ጊዜ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዛቸው ተደራርቦ ራሱን ያጠብባሉ። እርግብግቢት የምንለው ለስላሳ ቦታ የዚሁ ክፍተት ክፍል ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ራሱ ሾጠጥ ብሎ አይተሽ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይመለሳል።

ቀለበቱ ራሱም ድንጋይ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ በሆርሞን ምክንያት ጅማቶቹ ይላላሉ፣ ከፊት ሁለቱን ፑቢሶች የሚያያይዘው ልም አጥንት፣ ሲምፊሲስ የሚባለው፣ በሚሊ ሜትሮች ይሰፋል፣ ሳክረምም ትንሽ ይወዛወዛል። ቁጢጥ ስትይ ወይም በእጅና በጉልበትሽ ስትንበረከኪ የሳክረም የታችኛው ጫፍ ወደ ኋላ ሄዶ መውጫው ይሰፋል። በጀርባ መተኛት ሳክረሙን አልጋው ላይ ጭኖ ይህን እንቅስቃሴ ይይዘዋል። በየገጠሩ እናቶች ተንበርክከው ወይም ገመድ ይዘው ቁጢጥ ብለው ሲወልዱ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ስትወልጂ አቀማመጥሽን መምረጥ እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ስለ ቅርጽም ትንሽ ልበል፣ ኢንተርኔት ላይ ሥዕሉን አይተሽ ይሆናል። በ1933 (እ.ኤ.አ.) ካልድዌልና ሞሎይ የተባሉ ሐኪሞች የሴት ዳሌን በአራት ከፍለውት ነበር፦ መግቢያው ክብ የሆነ፣ የወንድ የሚመስል፣ ከፊት ወደ ኋላ የረዘመ፣ ወደ ጎን ጠፍጣፋ የሆነ። እስካሁን እናስተምረዋለን። በተግባር ግን አብዛኛዋ ሴት ከአራቱም የተደባለቀ ነገር አላት፤ “የወንድ ዓይነት ዳሌ አለሽ” ተብላ የምትደነግጥ እናት ባትኖር እመርጣለሁ። የወንድና የሴት ልዩነት እውነት ነው፦ ከፑቢሱ ሥር ያለው ቅስት በሴት አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን ስትከፍቺ ያለውን ያህል ይሰፋል፣ በወንድ ሌባ ጣትንና መሐል ጣትን እንደ መክፈት ነው። የአፅም ተመራማሪ የሰውን ፆታ ለመለየት መጀመሪያ የሚያነሳው ዳሌን የሆነው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ካለሽ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተሽ ድንቅነሽን እያት። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሀዳር ላይ ሲያገኟት ከተረፉላት አጥንቶች መካከል ሳክረሟና የግራ የዳሌ አጥንቷ ይገኙበታል፤ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከመሰከሩት አንዱ ይህ አጥንት ነው። ዳሌዋ አጭርና ወደ ጎን በጣም የሰፋ፣ ከፊት ወደ ኋላ ግን ጠባብ ነበር። የልጆቿ ራስ ትንሽ ስለነበረ ችግሩ እንደኛ አልነበረም። እኛ ቀጥ ብለን መቆሙን ወርሰን ትልቅ ራስ ጨመርንበት፣ ምጣችንም ከባድ ሆነ።

ታዲያ በእውነት ጠባብ ዳሌ የለም ወይ? አለ። ከተፈጥሮ ይልቅ ብዙውን ጊዜ ከልጅነት ታሪክ የሚመጣ ነው። ፀሐይ ሳያገኝ ያደገ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ሲያንሰው አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩ ይቆለመማል፣ ዳሌውም በሰውነት ክብደት ተጭኖ ሳክረሙ ወደ ፊት ይገፋል፣ መግቢያው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። በልጅነቷ የዳሌ መገጣጠሚያ ቲቢ ወይም ፖሊዮ ይዟት ስታነክስ ያደገች፣ ዳሌዋ ተሰብሮ የገጠመ፣ የተጣመመ አከርካሪ ያላት ሴት ቀለበቷ ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። ከዚህ አንዱ በሕይወትሽ ካለ አሁኑኑ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ጫማሽ ስንት ቁጥር እንደሆነ ከመንገር እጅግ ይጠቅማል።

ሌላው ያዢልኝ ያልኩሽ ነገር ነው። ሴት ልጅ የወር አበባ አይታ ቁመቷ ከቆመ በኋላም ዳሌዋ ለዓመታት ይሰፋል። በ14 እና በ15 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ስታረግዝ ማህፀኗ ደርሷል፣ የአጥንቱ መንገድ ግን አልደረሰም። ምጡ ቀናት ይፈጃል፣ የልጁ ራስ ፊኛዋን በፑቢሱ አጥንት ላይ ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፣ ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይሆናል፤ ሽንቷ ሳታውቀው ይፈስሳል። ፊስቱላ ይህ ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ዕድሜያቸውን የሰጡለት ሥራ ይኸው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሜ የዳሌን መለኪያዎች በቃሌ ስዘረዝር፣ ሴንቲ ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንቺ 24 ዓመትሽ ነው፤ ይህ ስጋት አንቺን አይመለከትም፣ ታናሽ እህት ካለችሽ ግን ንገሪልኝ።

መለካቱን በተመለከተ፣ ሐኪም በጣቱ መርምሮ ከፑቢሱ የታችኛው ጠርዝ እስከ ሳክረሙ ከንፈር ያለውን ሊገምት ይችላል። ከንፈሩን ጣቱ በቀላሉ ከነካው መግቢያው አጥሮ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። እሱም ግምት ነው። በራጅ መለካት በአንድ ወቅት የተለመደ ነበር፤ ራሱን ወደ ታች ላደረገ ልጅ ግን ኦፕራሲዮኑን ከማብዛት በቀር ለእናትም ለልጅም ጥቅሙ ስላልታየ እንደ ወትሮው አይሠራም። ቁመት ከ1 ሜትር ከ50 ማነስ ትኩረት ይጠይቃል፣ አይፈርድም። ጫማ ምንም አይነግረንም።

አስተማማኙ መለኪያ ምጡ ራሱ ነው። የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ምጡ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መከፈቱ ቢቆም፣ ራሱ ባይወርድ፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች አለቅጥ ቢደራረቡ፣ ያኔ መንገዱና ልጁ አልተመጣጠኑም እንላለን፣ ኦፕራሲዮኑም ሕይወት ያድናል። አዋላጅዋ በየሰዓቱ ወረቀት ላይ የምትሞላው ይህን ነው። አንድ ጊዜ 1 ሜትር ከ47 የሆነች እናት “አትችይም” ተብላ ወደ እኔ ተልካ 3 ኪሎ ከ400 የሚመዝን ልጅ በስምንት ሰዓት ምጥ ወልዳለች። በዚያው ሳምንት ቁመቷም ዳሌዋም ያማረ ሌላ እናት ልጇ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ስለመጣ አሥራ ስድስት ሰዓት ጠብቀን በኦፕራሲዮን አዋልደናታል።

ሕመምሽ ያለው ሲምፊሲሱ ላይ ነው። ጅማቶቹ ስለላሉ ሁለቱ ፑቢሶች አንዱ ካንዱ እኩል ሳይሆኑ ሲንቀሳቀሱ ይቆረጥማል፤ ልጁን አይጎዳም፣ ዳሌሽ ጠባብ መሆኑንም አያመለክትም። በአንድ እግር ቆመሽ ልብስ አትልበሺ፣ ተቀምጠሽ ልበሺ። ከአልጋ ስትነሺ ጉልበቶችሽን ገጥመሽ በጎን ዙሪ። በጎን ስትተኚ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ አድርጊ። እንስራም ሆነ ጄሪካን በአንድ ጎን አትሸከሚ፣ ደረጃ አንድ በአንድ ውጪ። ጠበቅ ያለ የዳሌ ቀበቶ ብዙዎችን ያሳርፋል። መራመድ ከከለከለሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ሽንት ሲያቃጥልሽ ወይም ደም ካየሽ ሕመሙ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

በ36ኛው ሳምንት ስትሄጂ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፦ ልጁ በራሱ ነው ወይ የመጣው? ራሱስ ከመግቢያው በላይ ስንት ጣት ቀርቷል? ገና አልገባም ቢሉሽ አትደንግጪ፣ በመጀመሪያ ልጅም ቢሆን ምጥ እስኪጀምር ሳይገባ የሚቆይ ብዙ ነው። ብቻ የምትወልጂበትን ቦታ ካሁኑ ምረጪ፤ ቀንም ሌሊትም ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ወይም በአምቡላንስ ቶሎ የሚያደርስ ይሁን። ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንዳለው ጠይቂና ቀንሽ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት እዚያ ግቢ። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ስድስት የወለዱ እናት ምጥ ላይ እጅሽን ቢይዙሽ ደስ ይለኛል።